ቱራስ አይደለም

ሙዚቃ አልወድም። ይህን ከሁሉ በፊት የምጽፈው፣ የሚከተለውን ያነበበ ሰው «ልጁ ዘፋኝ ስለሆነች ሐሳቡን ቀየረ» እንዳይል ነው። አልቀየርኩም። ሰው ቁጭ ብሎ ሌላው ሰው በፍቅር ሲያለቅስ የሚያዳምጥበት ሰዓት ቢሰበሰብ አንድ ቋንቋ ይማርበታል። እኔ በሁለት ቋንቋ ማንበብ የቻልኩት ያንን ሰዓት ሰብስቤ ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አማርኛውን ጂዳ፣ ሰቢል በሚባለው ሰፈር አንድ ያገሬ ሰው ግድግዳው ላይ ከለጠፈው የፊደል ገበታ ተማርኩ። ዐረብኛውን ደግሞ ከምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ደረሰኝና ከሱቅ ታፔላ ላይ ለቀምኩ።

ሴት ልጄ ግን ትዘፍናለች። ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ነው የምትሠራው። ጂዳ ተወልዳ ጂዳ ያደገች ናት፤ ቀን ቀን አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ የበሽተኞችን ቀጠሮ እየመዘገበች ትሠራለች። እኔ ቤት ዘፈን ተከፍቶ አያውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ጊታር ከጓደኛዋ ተውሳ ይዛ ብትመጣ በዚያው ቀን አስመለስኳት። አልኮራበትም፣ ይቅርታም አልጠየቅኩበትም። ከዚያ ወዲህ ይህች ከተማ ተለወጠች፤ ድሮ የማይታሰበው ዛሬ በየካፌው በግልጽ ይዘፈናል። ዘመኑ ተቀየረ እንጂ እኔ አልተቀየርኩም ብዬ ነገርኳት። «እሺ ባባ፣ ለዘመኑ እዘፍንለታለሁ» አለችኝ።

ሁለት አልበም አወጣች። አንዱንም አልሰማሁም። እናቷ ወጥ ስትሠራ በአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ ትሰማለች፤ እኔ ያላየሁ እመስላለሁ። በትዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስምምነት ይባላል።

ሦስተኛው ነው ነገሩን የቀየረው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እኔ ልብስ ከምተኩስበት ቤት መጣችና ከመተኮሻው ጠረጴዛ ማዶ ቆመች። ከእኔ ፈቃድ ስትፈልግ የምትቆመው እዚያ ነው፤ በመካከላችን የጋለ ብረት አለ። አዲሱ አልበም አዲስ ዘፈን የለበትም አለችኝ። የሦስት ዓይነት ነገር ስብስብ ነው። አንደኛው ብርቅ የምትለው ነው፤ ተሠርቶ ሳይወጣ የቀረ፣ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ ተዘፍኖ የጠፋ። ሁለተኛው ሪሚክስ ነው፤ የራሷን የድሮ ዘፈኖች ሌላ ባለሙያ ፈትቶ በሌላ ምት እንደገና ይሰፋቸዋል። ሦስተኛው ከቨር ነው፤ የሌላ ሰው ዘፈን እሷ ትዘፍነዋለች።

ለማስረዳት ብዙ የምትለፋ መስሏት ነበር። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ማጠቢያ ቤትም ያለው ይኸው ሦስቱ ነው። ባለቤቱ መጥቶ ያልወሰደው ልብስ የሚቀመጥበት መደርደሪያ አለ፤ ቀለም ተነክሮ ወይም ጠቦ የሚመለስ አለ፤ ለሠርግ ተውሰውት ታጥቦ ለባለቤቱ የሚሰጥ አለ።

«የመጨረሻው ሌብነት ነው» አልኳት።

«አይደለም ባባ። የባለቤቱ ስም ይጻፋል።»

«ካልተጻፈስ?»

«ካልተጻፈማ ሌብነት ነው።»

እዚህ ላይ ተስማማን። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ከብርቆቹ መካከል አንዱ ያንተ ነው አለችኝ።

ይህን ለመረዳት የካሴቱን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ መጻፍ የምንችል ጥቂቶች ነበርን፤ ማንበብ የሚችሉ እናቶች ደግሞ ጭራሽ አልነበሩም። ስለዚህ ደብዳቤ የምንልከው በካሴት ነው። የገበያ ካሴት ገዝተን፣ ከላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ጠቅጥቀን፣ የተቀዳበትን ዘፈን በድምፃችን እናጠፋዋለን። እገሌን ሰላም በሉ፣ እገሊትን ሰላም በሉ፣ ላሚቱ ወለደች ወይ፣ እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ይኸው ተብሎ ሲያልቅ ካሴቱ ይተርፋል። የተረፈውን ባዶ መላክ ነውር ነበር፤ ግማሽ ሳሕን አቅርቦ እንግዳ መጋበዝ ነው። ደግሞም ካልተቀዳበት ከሥር ያለው የዘፋኝ ድምፅ ብቅ ይልና እናት ከልጇ ሰላምታ ቀጥሎ የማታውቀው ሰው ሲዘፍንላት ትሰማለች። ስለዚህ የሚችለው መንዙማ ይልበታል፣ ሌላው ያወጋል፣ ሌላው የመንገዱን ጩኸት ይቀዳል። እኔ ለእናቴ ዘፈንኩበት። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ዘፈንኩ፤ እሱም ካሴት እንዲሞላ ነው።

እናቴ ስትሞት ካሴቱ ከሳጥኗ ተገኝቶ ተመልሶ መጣ። እኔ አልሰማሁትም፤ ባለቤቴ ከወርቅ ሣጥኗ አጠገብ አስቀመጠችው። ልጄ እዚያ አግኝታ፣ የድሮ ቴፕ ካለው ሰው ዘንድ ወስዳ ወደ ስልኳ አስገባችው።

አሰማችኝ። መጀመሪያ ሸሸሸ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ድምፅ፣ የወሎ ለዛው ገና ያልሟሸሸ፣ «እማ፣ ካሴቱ ተርፏል፤ ባዶውን አልሰድልሽም። ይችን እኔ ነኝ ያወጣኋት፤ ስሚያት» አለ። ቀጥሎ ዘፈነ፦

*ጂዳን ለቅቄያለሁ፣ መካ አልደረስኩም፣*
*ለሰው በር ስሠራ ለራሴ አልገባሁም።*

ከሥሩ ምት ነበረው። ፍሽ፣ ጠቅ፤ ፍሽ፣ ጠቅ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ በእጄ የያዝኩት የእንፋሎት ካውያ ነው። መቼ እንደቀዳችው አላውቅም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በየቀኑ የምሰማው ድምፅ ከበሮ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። የጎረምሳው ድምፅ ሲያልቅ እሷ በዐረብኛ ቀጠለችና ስለ አንድ ሰው ዘፈነች። ሰውየው በበረሃ ለሌሎች ምንጣፍ ያነጥፋል፤ እነሱ ይቀመጣሉ፤ እሱ ቆሞ ይቀራል።

ዐረብኛዋ ጥሩ ነው። ግን በረሃው ከየት መጣ?

«ከአንተ ነዋ» አለች። «ለሰው በርር ስሠራ ትላለህ። በርር፤ ሰዎች በብርድ ጊዜ ድንኳን ይዘው የሚወጡበት።»

እዚህ አገር በርር የሚባለው በእርግጥ ያ ነው፤ ከከተማ ውጪ ያለ አሸዋ ሜዳ። እኔ ግን ያልኩት በር ነው፤ የሚከፈትና የሚዘጋ። ልጄ አማርኛ እየሰማች ያደገች ናት፣ በር ምን እንደሆነ እንዴት ይጠፋታል? ብዬ ልቆጣ ስል ተያዝኩ። እኛ ቤት በር የለም። እናቷ መካ የተወለደች ናት፤ ቤተሰቦቿ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እዚያ የተቀመጡ ናቸው፤ እሷ ባቡን ዝጊ፣ ባቡን ክፈቺ ነው የምትለው። እኔም ከጊዜ በኋላ ባቡን ዝጉ እላለሁ። በየዓርቡ መካ እየሄድኩ ለሰው ልጆች ፊደል የማስተምር ሰው፣ የራሴ ልጅ በርን በአማርኛ አታውቀውም።

«በር ማለት ባብ ነው» አልኳት። «ለሰው ባብ እየሠራሁ እኔ ግን አልገባሁም ማለት ነው።»

አሰበችበት። ደስ አላት። ዐረብኛውን እንዳለ እተወዋለሁ፣ ስሕተቱም ያምራል አለች። ከዚያ በቁም ነገር ዐይን አየችኝና፣

«ግን ባባ፣ አንተ መቼ በር ሠርተህ ታውቃለህ?» አለች።

ካውያውን አስቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር የሚያስፈልገኝ ጊዜ ሁሉ በእጄ ነበር፤ ደንበኛ አልነበረም፣ ስልክ አልጮኸም። «ግጥም ነው» አልኳት። «ግጥም እንደዚያ ነው።»

አመነችኝ። ሰው የሚያምነው አባት መሆን እንዲህ ያለ ቀን ከባድ ነው።

በዚያው ሳምንት ከዘፈኑ ጥቂቱን ቆርጣ፣ አልበሙ ሊወጣ ነው ለማለት፣ ለሰው አሰራጨችው። ከሥሩ «ግጥምና ዜማ፦ አባቴ» የሚል ጽሑፍ አለበት። እዚህ አገር ያለነው ሰዎች ስልክ በስልክ የተያያዝን ነን፤ በሁለት ቀን ያልሰማው አልነበረም። ማጠቢያ ቤቱ በራፍ ላይ እየቆሙ ያመሰግኑኝ ጀመር። አንድ ሹፌር፣ ቀድሞ የቀሚሴ ቁልፍ ጎደለ ብሎ የሚጨቀጭቀኝ፣ «ገጣሚው» ብሎ ጠራኝ። አይደለሁም አላልኩም። ቀሚሱን ሁለት ጊዜ ተኮስኩለት።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ ቆየሁ። ምስጋናው ጣመኝ፤ አልዋሽም። በምሳ ሰዓት መጋረጃውን ጋርጄ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደጋግሜ እሰማው ነበር። የምሰማውም ዘፈኑን አይደለም። ከዘፈኑ በፊት ያለችውን አንዷን ዓረፍተ ነገር ነው፦ ይችን እኔ ነኝ ያወጣኋት።

እኔ አይደለሁም ያወጣኋት።

ሰቢል ውስጥ አንድ ክፍል ስድስት ሆነን ስንኖር፣ ከእኔ ፍራሽ ቀጥሎ የሚተኛ ሰው ነበር። ባሕራ ነበር የሚሠራው፤ ከጂዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ከተማ፣ የብረት በር በሚበየድበት ጋራዥ። ሳምንቱን እዚያው አድሮ ኀሙስ ከሰዓት ይመጣል። እጁ ላይ ሁልጊዜ ብረት ላይ የሚያሰምሩበት ነጭ ጠመኔ ነበረው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበረውም። ከባሕራ አለፍ ብሎ ኬላ አለ፤ ወረቀት የሌለው አያልፍም። መካ ከሚሠራበት ጋራዥ በመኪና ግማሽ ሰዓት አትሆንም፤ እሱ ግን አላያትም። የሠራቸው በሮች በመኪና ተጭነው ያልፋሉ። እዚያ ቤት ይገጠማሉ፣ ሰው ይገባባቸዋል። ይህን እያሰበ ነው ያወጣት። ጀሪካን እየመታ፣ አንዱን ቃል አንሥቶ ሌላውን እየተካ፣ ዐይኔ እያየ ሠራት። በመጀመሪያ «መካ አልገባሁም» ነበር፤ በኋላ «አልደረስኩም» ይሻላል አለ። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ አራቱ ዝም በል፣ እንተኛበት እያሉ ይሰድቡት ነበር።

አንድ ኀሙስ ሳይመጣ ቀረ። በተርሒል ሄደ አሉን፤ ወረቀት የሌለውን ሰብስቦ ወደ አገሩ መመለስ ማለት ነው። ፍራሹን ጠቀለልን፤ ከሥሩ አንድ ቁራጭ ጠመኔ ወደቀ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ለእናቴ ካሴቱን ሞላሁ። ለምን እኔ ነኝ እንዳልኳት ብዙ ሰበብ ልደረድር እችላለሁ። ልጅሽ ቁም ነገር ሆነ እንድትል ፈልጌ ነው። የሚጠይቀኝም የለም ብዬ ነው። ባለቤቱ ሄዷል።

በአሥረኛው ቀን ሐሙስ ከመካ ስልክ ተደወለልኝ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዓዚዚያ በሚባለው ሰፈር በሐጅ ሰሞን እንግዳ የሚያርፍበት ሕንፃ ያስተዳድራሉ። ዓርብ ዓርብ ፊደል የማስተምርበትን የምድር ቤት ክፍል የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። አብረን ያረጀን ሰዎች ነን፤ እኔ «ሐጂ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ግማሹን በቁም ነገር ግማሹን በቀልድ «ኡስታዝ» ይሉኛል። ወላጆች ተቆጥተዋል አሉኝ። ልጆቻቸውን የሚያስተምረው ሰው በከበሮ ይዘፍናል ተብሏል። ነገ ይመጣሉ፤ አንድ ነገር ማለት አለብህ። መፍትሔውንም አስቤልሃለሁ አሉ።

በማግሥቱ የወሰደችኝ ልጄ ናት። እሷ ትነዳለች፣ እኔ አስተያየት እሰጣለሁ። ዘፈኑን ያሰራጨችው እሷ ስለሆነች አብሬህ እገባለሁ ብላለች። ባሕራ ስንደርስ ቁሚ አልኳት። የወርክሾፖቹ በር ግማሹ ተዘግቷል፤ አንዱ ጋ ብቻ ብረት እየተፈጨ ነው። ያልተቀቡ በሮች መንገድ ዳር ግድግዳ ሳይኖራቸው ቆመዋል። እዚያ ነገርኳት፤ ከላይ እንደጻፍኩት፣ ሳላሳጥር።

ሞተሩን አጠፋች። ከዚያ የተናገረችው ያልጠበቅኩትን ነው።

«አምስተኛ ክፍል እያለሁ የሰው የቤት ሥራ ገልብጬ ስሜን ስጽፍበት በማስመሪያ መታኸኝ። ስድስቴ።»

«አስታውሳለሁ።»

«ያኔ ይሄ ካሴት እናትህ ሳጥን ውስጥ ነበር።»

«ነበር።»

ይቅርታ እንድጠይቃት የጠበቀች ይመስለኛል። ጠየቅኳት፤ ስለ መታኋት ሳይሆን ስለዋሸኋት። ለመገልበጧ መቀጣት ነበረባት፤ እኔም እንደዚያው። ሳትስቅ «እሺ» አለችና መኪናውን አስነሣች።

ዓዚዚያ ሦስት አባቶችና አንዲት እናት ተቀምጠው ጠበቁን። ልጆቹ ፎቅ ላይ ነበሩ፤ ኮቴያቸው ይሰማል። ሻይ ቀረበ። የተባለው ሁሉ ጨዋ ነበር፤ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ስለ ልጄ አንሥተው ሲጀምሩ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ስለ ራሷ ራሷን ጠይቋት፣ እዚህ ተቀምጣለች አልኩ። አልጠየቋትም። ወደ እኔ ተመለሱ። ከዚያ ሐጂ ያሰቡልኝን መፍትሔ አመጡ።

«ኡስታዝ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ዘንድሮ ማሽን የሰው ድምፅ ይሠራል። ልጅቱ በስልኳ ያስመሰለችው ነው በል፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

አንደኛው አባት፣ ሊረዳኝ ፈልጎ፣ እውነትም ድምፁ አይመስልም፣ ያኛው ቀጭን ነው አለ። ሁሉም በተስፋ አዩኝ። በር ከፍተውልኛል። ብገባበት ክፍሉም፣ ልጆቹም፣ ስሜም እንዳሉ ይቆያሉ። ልጄ ወደ ጫማዋ ነበር የምታየው።

«ድምፁ የኔ ነው» አልኩ። «የኔ ያልሆነው ግጥሙ ነው።»

አልገባቸውም። ደግሜ ነገርኳቸው። የዘፈንኩት እኔ ነኝ፤ ያወጣው ሰው ሰቢል አብሮኝ ይኖር የነበረ በር ሠሪ ነው፤ እኔ ነኝ ብዬ እናቴን ዋሸኋት፤ ይኸው አሁን እናንተም ሰማችሁት።

ሐጂ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ከዚህ ሁሉ ያንተ ምኑ ነው?»

«ድምፁና ውሸቱ።»

ከዚያ መናገር ጀመርኩ፤ ከጀመርኩ የማላቆም ሰው ነኝ። ያልጻፋችሁት ላይ ስማችሁን አትጻፉ ብዬ ልጆቻችሁን በየሳምንቱ እነዘንዛለሁ አልኳቸው። ማሽን ነው ብዬ ከዚህ ብወጣ፣ የሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ስለ ምን አስተምራቸዋለሁ? ስለ ዘፈኑ የምትሉትን በሉ፤ እኔም አልወደውም። ዘፈን ክልክል ነው አይደለም ብለው ዑለማዎች ይከራከሩበት ይሆናል። በውሸት ግን የሚከራከር የለም። ልጆቻችሁን ብትወስዱ ውሰዱ፤ የሚያስተምራቸውን ሰው ግን ማሽን ነው ብሎ የዘፈነውን የሚክድ እንዳይሆን ምረጡ።

ሁለቱ አባቶች ተነሥተው ልጆቻቸውን ጠሩ። ሦስተኛው ትንሽ አመንትቶ ተከተላቸው። ሐጂ ክፍሉ ለአንሶላ መደርደሪያ ይፈለጋል፣ የሐጅ ሰሞን ደርሷል አሉ። ገና እንዳልደረሰ ሁለታችንም እናውቃለን። የፊደል ገበታውን ራሴ ነቅዬ ጠቀለልኩት። አራት ሚስማር ነበረው፤ ሚስማሮቹንም ወሰድኩ፣ የኔ ናቸው።

ሴትየዋ አልተነሣችም ነበር። ሁለት ልጆች አሏት፤ ለእንግዳ ምግብ በማብሰል የምትተዳደር፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። «ዓርብ ገበታውን እኛ ቤት አምጣው» አለችኝ። «ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ሚስማር ግን ይይዛል።»

ሐጂ እስከ መውጫው ሸኙኝ። ተጣልተን አንለያይም፤ ዘመድ ነን። በራፍ ላይ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ያ ሰውዬ ግን፣ መካ ገባ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ሐጂ።»

እሳቸው መካ ተወልደው፣ ታላቁ መስጊድ ሐረም ለመሄድ ሳይሆን ላለመሄድ ሰበብ የሚፈልጉ ሰው ናቸው፤ ይህን ራሳቸው ይቀልዱበታል። በዚያን ጊዜ አልቀለዱም። የብረት በራቸውን ይዘው ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ዘጉት።

ስንመለስ ልጄ ስለ ሥራው ማውራት ጀመረች። ዘፈኑ ከብርቆቹ ወጥቶ ከከቨሮቹ ጋር ይገባል አለች፤ የሌላ ሰው ዘፈን አንተ ዘፍነኸዋል፣ ማለት ነው። የሰውየውን ስም ጠየቀችኝ። የማውቀው የምንጠራበትን ቅጽል ስም ብቻ ነው። የአባቱን ስም ማንም አልጠየቀውም፤ ወረቀት ስላልነበረው የሚነበብበትም አልነበረም። አገሩ ከከሚሴ ወዲህ ይሁን ወዲያ እንኳ በእርግጠኝነት አላውቅም።

«ችግር የለውም» አለች። አልበሙን ለዓለም የሚያሰራጩት ድርጅቶች ቅጽ አላቸው፤ የደራሲው ስም ካልታወቀ «ቱራስ» ተብሎ ይሞላል፤ የጥንት፣ የሕዝብ ቅርስ ማለት ነው። ሁሉም የሚያደርገው እንደዚያ ነው።

«ቱራስ አይደለም» አልኳት።

«ባባ፣ ስም ከሌለን...»

«ስሚ። ሕዝብ ጀሪካን ሲመታ አላየሁም። አንድ ሰው ነው ሲመታ ያየሁት። ጠመኔ እጁ ላይ ነበር።»

ስለ መደርደሪያው ነገርኳት። ማጠቢያ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ልብስ አንገቱ ላይ ቁጥር ይጻፍበታል። ሰው ያልወሰደው መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ዓመትም ቢቆይ ቁጥሩ ይቆያል። ብዙ ማጠቢያ ቤቶች ከጊዜ በኋላ ባለቤት የለውም ብለው ይለብሱታል ወይም ይሰጡታል። እኔ ባለቤት የሌለው ልብስ አይቼ አላውቅም። ያየሁት ባለቤቱ ያልመጣ ልብስ ነው። ዘፈኑም እንደዚያው ነው። ተርሒል የወሰደውን ሰው ደግሞ እኛ ቱራስ ብለን ከጥንት ሰዎች ጋር ብንቀብረው፣ ሁለት ጊዜ አባረርነው ማለት ነው።

ባሕራ ስንደርስ ሳልነግራት ቆመች። ስልኳን አውጥታ እንግዲያው ተናገር አለችኝ። መጀመሪያ ላይ ያለውን ውሸት ልቁረጠው ወይ ብላ ጠየቀች። አትቁረጪው አልኳት። እናቴ የሰማችውን ሁሉም ይስማ፤ እውነቱን ከኋላው ቀጥይበት። ተናገርኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ይችን ያወጣት እገሌ የምንለው፣ ባሕራ በር ይሠራ የነበረ ሰው ነው። እኔ ነኝ ያልኩት ዋሽቼ ነው። የሚያውቀው ካለ ይንገረኝ። ከኋላዬ ብረት ይፈጫል። ጩኸት ገብቷል፣ ሌላ ቦታ ሄደን እንቅዳው አለች። ተይው አልኩ፤ ሲያወጣትም የሚሰማው ይህንኑ ነበር። ስለ ሙዚቃ የሰጠሁት ብቸኛ አስተያየት ነው፤ ተቀበለችው።

ቅጹ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሙሉ ስም ይሞላ፣ አለዚያ ቱራስ ይባል የሚል መልስ ነበረው። በሦስተኛው የአባት ስም በሚለው ቦታ ላይ «ባሕራ» ብላ ጻፈች። ቅጽል ስሙ፣ ቀጥሎ ባሕራ። አለፈ። አሁን አልበሙ ላይ እንደዚያ ተጽፎ ይገኛል። ቅጽል ስሙን እዚህ የማልጽፈው፣ በኔ ጽሑፍ ውስጥ ልግባ ብሎ ስላልጠየቀኝ ነው፤ እዚያ ግን ዘፈኑ የራሱ ነው።

ዓርብ ዓርብ ጠባቡ ሳሎን ውስጥ አራት ልጆች አስተምራለሁ፤ ቀድሞ አሥራ አንድ ነበሩ። ሹፌሩ ገጣሚው ማለቱን ትቶ ወደ ቁልፉ ተመልሷል። ስለ በር ሠሪው እስካሁን የጠየቀ የለም። ሰሞኑን ልጄ ከድርጅቱ ደግሞ መልእክት መጣ አለችኝ፤ መዝገባቸውን ሲያጠሩ ባሕራ የሚባል ቤተሰብ ስላላገኙ ወደ ቱራስ ሊያዛውሩት አስበዋል።

ምን ልበላቸው አለች። አይደለም በያቸው አልኳት። ደግመው ቢልኩ ደግመሽ በያቸው።